ዊንዶውስ 11፣ ሊኑክስ ሚንት ወይስ ባለበት ይቆይ? ለላፕቶፓችሁ የሚሆነውን ሲስተም መምረጫ እና ሲጫን የሚገጥሙ ስህተቶች

ዊንዶውስ 10 ነጻ የደህንነት አፕዴት ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ከዚያ ወዲህ ከጓደኛም ከዘመድም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ራሙም 8 ጂቢ ነው። ዊንዶውስ 11 ግን አይሆንልህም ይለኛል። ልሽጠው እንዴ?»

አትሽጡት። ኪቦርዱ የሚሠራ፣ ስክሪኑ ንጹሕ የሆነ ላፕቶፕ ሲስተሙ ስላረጀ ብቻ አይጣልም። ሌላ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። የሚያስፈልገው ለማሽኑ የሚሆነውን ሲስተም መርጦ በትክክል መጫን ነው።

ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽን እና በየቀኑ የምትሠሩበት ሶፍትዌር። የትኛው አዲስ ነው፣ የትኛው ያምራል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ከኋላ ይጀምራል። «ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ» ብሎ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ሲመለስ ላፕቶፑ ተንቀራፎ፣ የሚሠራበት ፕሮግራምም ጠፍቶ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት

ሴቲንግስ ግቡ፤ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን «አይ5-6300ዩ» የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይናገራል። 6300 ስድስተኛ ነው፤ 8250 ስምንተኛ፤ 1165 አሥራ አንደኛ። ሻጭ «አይ ሰቨን ነው» ሲላችሁ ይህ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አራተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ለዊንዶውስ 11 አያልፍም፤ ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ ስሪ ግን ያልፋል።

ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ላፕቶፕ ላይ በጥቅሉ ከራይዘን 3000 ጀምሮ፣ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ እና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይገባ የሚከለክለው)። ይህ 4 ጂቢ የሚለውን አትመኑት። በ4 ጂቢ ይጫናል እንጂ አይሠራበትም። 8 ጂቢ ከሌላችሁ ዊንዶውስ 11ን ባትጀምሩት ይሻላል።

ገበያው ላይ በብዛት የምናያቸው ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፖች ልክ ድንበሩ ላይ የቆሙ ናቸው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ አያልፍም። ጂ5 አብዛኛው ስምንተኛ ነው፤ በሰባተኛ የተሠራም ግን አለ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ሲስተም ከመቀየር በፊት ወደ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ቀይሩት። ከየትኛውም የሲስተም ምርጫ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው። 256 ጂቢ ኤስኤስዲ የገባለት ስድስተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚንቀራፈፈውን ስምንተኛ ጄኔሬሽን ለተለመደ የቢሮ ሥራ ይቀድመዋል።

ዊንዶውስ 11፦ ማሽኑም ሥራውም ሲፈቅድ

እንጀራችሁ በፒችትሪ፣ በአውቶካድ ወይም በኢታብስ ላይ ከሆነ ክርክር የለውም። እነዚህ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነጻ ሲስተም፤ ሚንት አንዱ ዓይነቱ ነው) ላይ የሚጫን ዓይነት የላቸውም። ዋይን በሚባል መንገድ ለማስኬድ የሚሞክር አለ። ለመማር ይሞከር፤ የድርጅት ሂሳብና የሕንፃ ስሌት ግን በሙከራ ላይ አይቀመጥም። ማሽኑ የሚያልፍ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ጫኑ፤ ካላለፈ ለእናንተ ነገሩ የማሽን ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

ልታውቁት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሆም የሚባለው ዓይነት ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ ከተጫነ በኋላ የሚያወርደው አፕዴትም በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጅ ቀድማችሁ ግዙ። ሁለተኛ፣ 24ኤች2 ከሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 ዓይነት ወዲህ በአዲስ መልክ ሲጫን በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል፤ ቁልፉም የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ላይ ነው። አካውንቱን ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው በራሱ ኢሜይል ከከፈተላችሁ የፋይላችሁ ቁልፍ እሱ ጋ ነው ማለት ነው። አካውንቱ የራሳችሁ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም እናንተው ዘንድ ይቀመጥ።

ማሽኑ ባያልፍስ? ሩፈስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ሲያዘጋጅ የቲፒኤሙን፣ የሴኪዩር ቡቱንና የራሙን ጥያቄ እንዲያልፈው ምርጫ ይሰጣል። በስድስተኛና በሰባተኛ ጄኔሬሽን ላይ እንዲህ ተጭኖ ደህና የሚሠራ አለ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት የማግኘት መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል። በየዓመቱ የሚመጣውን ትልቁን ማሻሻያም እንደገና በእጅ መጫን ይጠበቅባችኋል። እጁን ለለመደ ሰው ይሆናል። ለእናታችሁ ላፕቶፕ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቢሮ ግን አልመክረውም። የኮር ቱ ዱዎ ዘመን ማሽን ከሆነማ አይሞከርም፤ 24ኤች2 የሚፈልገው የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለሌለው ጨርሶ አይነሳም።

ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት፦ ጊዜ መግዣ

ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ የደህንነት አፕዴት የሚቀጥልበት ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ዓይነት መሆን አለበት። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንግሱን ባክአፕ ላደረገ ያለክፍያ ይሰጣል፤ አለበለዚያ 30 ዶላር ወይም 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ ይጠይቃል። አውሮፓ ላላችሁ አገሩ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ከሆነ ባክአፑም አይጠየቅም፤ አካውንቱ ብቻ ይበቃል።

ይህ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ቤት ግን አይደለም። ገንዘብ እስኪጠራቀም፣ ተማሪው እስኪመረቅ፣ የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ያቆያል። ያለዚህ ፕሮግራም ዊንዶውስ 10 ላይ ሆኖ የባንክ ሥራ መሥራት ግን አይገባም።

ስለ ክራክ ደግሞ በግልጽ ልናገር። «አክቲቬት ላድርግልህ» ብሎ የሚጫነው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋለት ነው። ይህ ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ዊንዶውስ ይዘው የወጡ ላፕቶፖች የፈቃዱን ቁልፍ ማዘርቦርዱ ላይ ይዘውታል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣው ያገለገለ ላፕቶፕ ፕሮ የሚባለውን ዓይነት ይዞ ከነበረ፣ ያንኑ ፕሮ ጭናችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙት ብዙውን ጊዜ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም የነበረው ላይ ፕሮ ስለጫኑበት ብቻ «አክቲቬት አልሆነም» ተብሎ ክራክ የተደረገ ማሽን ብዙ ነው።

ሊኑክስ ሚንት፦ ለብዙዎች የተሻለው መልስ

ሥራችሁ ጽሑፍ መጻፍ፣ ኢሜይል፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ዙም እና የተለመደ ኤክሴል ከሆነ፣ ማሽኑም ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ከሆነ፣ የኔ ምክር ሚንት ነው። ሚንት 22 የወጣው በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተሠራ ሲሆን የደህንነት አፕዴት እስከ 2029 ያገኛል። ክፍያ የለውም፣ ክራክ የለውም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይጫናል። አፕዴት ሲኖርም «አሁን ወይስ በኋላ?» ብሎ እናንተን ይጠብቃል። ዳታውን በምሽት ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ዓይነት አለው። 8 ጂቢ ራም ላለው ሲናሞን፤ 4 ጂቢ ላለው ኤክስኤፍሲኢ። መሃል ላይ ማቴ አለ፤ ሁለቱ ስላሉ ብዙ አያስጨንቃችሁ። የሲናሞን ስታርት ሜኑ ከዊንዶውስ ብዙ ስለማይርቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ሊብሬኦፊስ ከነሱ ጋር ይመጣል፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ማክሮ የበዛበት ኤክሴል ወይም በጥንቃቄ የተሰደረ የዎርድ ፎርም ግን ሊዛባ ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎርም የሚያመላልስ ከሆነ ቀድማችሁ ሞክሩት።

መሞከር ደግሞ እዳው ገብስ ነው። ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ካሜራው? ፕሪንተሩ? ሁሉንም ዲስኩን ሳትነኩ ታያላችሁ። ከፍላሽ ሲሠራ ቀርፋፋ ነው፤ በዚያ አትፍረዱበት።

ኡቡንቱ ራሱ ጥሩ ነው። ፕሮግራሚንግ የሚማር ልጅ ካለ ብዙው መመሪያ ለኡቡንቱ የተጻፈ ስለሆነ እሱን እመርጥለታለሁ። ሲወርድ ግን 6 ጂቢ ገደማ ነው፤ የሚንት ከዚያ ግማሽ ያህሉ ነው፤ በደካማ ማሽን ላይም ሚንት ይቀላል።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የሚባል የጉግል ሲስተምም አለ። 4 ጂቢ ራምና 16 ጂቢ ዲስክ ይበቃዋል። ነገር ግን ፕሌይ ስቶር የለውም፤ ሥራውም ሁሉ ብራውዘር ውስጥ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት አይመከርም።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ያንብብ

ሲስተም ለመምረጥ ሲነሱ ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው፤ ሰዉን ወደ ድሮው የሚመልሰውም ይሄው ነው። ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊ ሚንት ላይ አያገኘውም፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ምትኩ ኪማን ነው። በነጻ ይገኛል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ሚንት ላይ አይባስ የሚባለውን ጭናችሁ ከኤም17ኤን ዝርዝር ውስጥ አማርኛን መምረጥም ይቻላል። ሁለቱም የአማርኛውን ድምፅ በሚመስለው የእንግሊዝኛ ቁልፍ ነው የሚጽፉት፤ ሆኖም እንደ ጸ፣ ፀ፣ ሠ፣ ኀ ያሉት ፊደላት የሚገኙበት ቁልፍ ከለመዳችሁት ሊለይ ይችላል። ጣት እስኪለምድ ጥቂት ቀን ስጡት።

ከዚህ የሚከብደው የድሮው ፋይል ነው። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው የዛሬው አሠራር) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ መተዳደሪያ ደንቦች፣ የዕድር መዝገቦች እስከ ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው አሉ። እነዚህ ፋይሎች ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ስለሚያለብሰው ብቻ ነው። ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖ ፎንቱ ከጠፋ፣ ወይም ሚንት ላይ ካልተገለበጠ፣ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል። ፋይሉ ተበላሽቶ ግን አይደለም። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር ቅዱ። ፎንቶቹን ሚንት ላይ ብትጭኗቸው የድሮው ጽሑፍ ይነበባል፤ በእነሱ አዲስ መጻፍ ግን አስቸጋሪ ነው።

የኒያላ ፎንት ነገርም አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኒያላ አብሮ አይጫንም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ማውረድ ያስፈልጋል። «ዊንዶውስ ቀይሬ ጽሑፌ ተለወጠ፣ ገጹም ጨመረ» የሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ አቢሲኒካ እና ኖቶ ኢትዮፒክ ይገኛሉ።

ከመጫን በፊት፦ ዲ ድራይቭ አያድናችሁም

ብዙ ሰው «ፋይሌ ዲ ላይ ነው፤ ፎርማት የሚደረገው ሲ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ዊንዶውስ በጥንቃቄ ሲጫን ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሚንት ላይ ግን «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ስትመርጡ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ፤ በብዙ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ ያው የአንድ ዲስክ ክፍሎች ናቸውና። የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ቅዱ። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ላይ ያለው ሲ ውስጥ መሆኑንም አትርሱ። የፒችትሪ ካምፓኒ ፎልደር ካለም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚቀመጠው።

ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆኑንም እዩ። ከሆነ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው መቆጣጠሪያ) ውስጥ አንድ ነገር ስትነኩ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገጽ ላይ አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉት።

የመጫኛውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ወይም ከሚንት ገጽ አውርዱ፤ ከቴሌግራም ቻናል አይሁን። ፍላሹ 8 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሩፈስ ላይ ሲዘጋጅ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አይሶውን (ያወረዳችሁትን የመጫኛ ፋይል) ዝም ብሎ ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የዊንዶውሱ ዋና ፋይል ከ4 ጂቢ ስለሚበልጥ ፋት32 የተባለው አደራረግ አይቀበለውም፤ ሩፈስ ይህን ራሱ ያስተካክለዋል።

መብራትስ? ባትሪው ደህና ከሆነ ሞልታችሁ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጀምሩ። ባትሪው የሞተ ከሆነ ዩፒኤስ ፈልጉ። ሲስተም ሲጫን መብራት ቢሄድ ማሽኑ አይበላሽም፤ እንደገና ትጀምራላችሁ። ባዮስ አፕዴት ላይ ቢሄድ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። የሞተ ባትሪ ይዛችሁ ባዮስ አታድሱ።

ስህተቶቹና መፍትሔያቸው

ፍላሹ ካልተነሳ፦ ማሽኑ ሲበራ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ነው። ዴል እና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ12፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፤ አሱስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኢስኬፕ። አንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ በጎን በኩል በመርፌ የሚጫን ትንሽ ቀዳዳ አለ። ዊንዶውስ ፈጥኖ ከገባባችሁ ሺፍት ይዛችሁ ሪስታርት በሉት፤ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ፍላሹን ምረጡ።

መጫኑ አልቆ ሪስታርት ሲል እንደገና ከመጀመሪያው ቋንቋ ምረጥ ካለ፦ ምንም አልተበላሸም። ከፍላሹ ደግሞ ስለተነሳ ነው። ፍላሹን ንቀሉና ሪስታርት አድርጉት።

«ዲስኩ የኤምቢአር ሰንጠረዥ ስላለው ዊንዶውስ እዚህ ላይ አይጫንም» የሚለው በአሮጌ ማሽን ላይ በጣም የተለመደ ነው። ትርጉሙ፣ ፍላሹ የተነሳው በአዲሱ ዩኢኤፍአይ መንገድ ነው፤ ዲስኩ ግን የተሰናዳው በድሮው ነው። ባክአፑ ካለ፣ ዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ከዚያው ገጽ ደምስሳችሁ ባዶውን ቦታ መርጣችሁ ኔክስት በሉ፤ ካልተሳካም ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ዲስኩን አጽድታችሁ ወደ ጂፒቲ (አዲሱ ሰንጠረዥ) ቀይሩት። ፋይሉ እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ 10 ራሱ ውስጥ ኤምቢአርቱጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ቀድሞ ባክአፕ ማድረግን ግን አይተካም። ባዮሱን ወደ ሌጋሲ (የድሮው የማስነሻ መንገድ) መልሶ ማለፍ የሚመክር ይኖራል። ይሠራል፤ ለዊንዶውስ 11 ግን መንገዱን ይዘጋባችኋል።

ምንም ዲስክ ካልታየ፦ ከአሥራ አንደኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ባሉ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ሰው «ኤስኤስዲው ሞተ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ዲስኩ ደህና ነው፤ ቪኤምዲ በሚባለው የኢንቴል መቆጣጠሪያ ስር ስለሆነ መጫኛው አያየውም። የላፕቶፑን አምራች ገጽ ከፍታችሁ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዱ፣ ዘርግታችሁ ፍላሹ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው አሳዩት። ወይም ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፉ። ሁለተኛውን መንገድ የምመክረው ዲስኩ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ካለ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ሊኑክስ መጫኛም በዚሁ ምክንያት ዲስኩን ሊያጣው ይችላል፤ እዚያ ግን «ሎድ ድራይቨር» ስለሌለ መፍትሔው ሁለተኛው መንገድ ነው።

«የሚያስፈልገው ሚዲያ ድራይቨር ጠፍቷል» ወይም መጨረሻው 80070570 የሆነ ቁጥር ከመጣ፣ ወይም መቶኛው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ጥርጣሬው በቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ፍላሹን ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ቀጥሎ ፍላሹን በሌላ ፍላሽ ቀይሩ፤ ሐሰተኛ አቅም የተጻፈባቸው ፍላሾች ገበያው ላይ አሉና። ከዚያ አይሶው በትክክል መውረዱን አረጋግጡ፤ ዳታ ተቆርጦ የወረደ ፋይል መጠኑ ትክክል መስሎ ውስጡ ሊጎድል ይችላል። ሻ256 የሚባለውን ቁጥር ከገጹ ጋር አስተያዩት። በመጨረሻ ራሙ። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሜምቴስት በሚባለው መሣሪያ ሌሊቱን ማስፈተሽም ይቻላል።

ስምንተኛ ጄኔሬሽን ሆኖ «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም» ካለ፦ ቲፒኤሙ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልጉት። አብሩት፣ ሴኪዩር ቡትንም አብሩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ተጭኖለት ኢንተርኔት ሲያገኝ የማታውቁት የውጭ ድርጅት ስም አውጥቶ የድርጅቱን ኢሜይል ከጠየቀ፣ ማሽኑ ከቀድሞው ባለቤት መዝገብ አልተሰረዘም ማለት ነው። ፎርማት ማድረግ አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው ድርጅቱ ብቻ ነው፤ ለሻጩ መልሱት። ስለዚህ ስትገዙ ዴስክቶፑን አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። ሪሴት አስደርጋችሁ፣ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ሲገባ እዩ። የባዮስ ፓስወርድ እንደሌለውም አረጋግጡ።

ዋይፋይ ካልታየ፦ አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ዊንዶውስም ሚንትም እንደ ገመድ ኢንተርኔት ይቆጥሩታል። ከዚያ ሚንት ላይ ድራይቨር ማኔጀር፣ ዊንዶውስ ላይ አፕዴት የጎደለውን ያወርዳሉ። ኢንተርኔቱ እያለ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አልተረጋገጠም» ካለ ቀኑን ተመልከቱ። የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። በብዙ ማሽን ላይ ሲአር2032 የምትባለው ናት፤ ርካሽ ናት።

ሚንት ሲጫን የሚጠይቃችሁ የሴኪዩር ቡት ፓስወርድ አለ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ አንድ ነገር ጽፎ ያልፋል። ጻፉት፤ ሪስታርት ሲል ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ያንኑ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ «ኢንሮል» የሚለውን መምረጥ አለባችሁ። ካለፋችሁት አንዳንድ ድራይቨር አይሠራም። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በተለይ ኤንቪዲያ ባለበት፣ ከፍላሹ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። ተጭኖ አልቆ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለም ከፍላሹ ተመልሳችሁ ግቡ፤ ሚንት ውስጥ ቡት ሪፔር የሚባል መሣሪያ ተዘጋጅቶላችኋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለምትጭኑ፦ ዊንዶውስን አስቀድሙ፣ ሚንትን አስከትሉ። ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፉ፤ ካልጠፋ ዲስኩ በግማሽ ተኝቶ ስለሚቀር ሚንት የዊንዶውሱን ፋይል ማንበብ እንጂ መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ከዚያ አንድ የሚያደናግር ነገር ይገጥማችኋል። ሚንት ተጠቅማችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ሚንት የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ልዩነቱ ልክ ሦስት ሰዓት የሆነውም ለዚህ ነው። ሚንት ተርሚናል ላይ በታይምዴትሲቲኤል ትእዛዝ የማሽኑ ሰዓት የአካባቢው ሰዓት እንዲሆን አንድ ጊዜ ብትነግሩት ይስተካከላል።